የጨው መስኮትና የኡኒ ኔሊ እጅ

ፓዳንግ ውስጥ ዝናብ የሌለበት ሳምንት ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ እግራችሁ እስኪነቃ ትዞራላችሁ እንጂ አታገኙም። ጫማ አልጋ ሥር ሦስት ቀን ከተረሳ ፂም ያበቅላል። እንዲህ ባለ አገር ከጨው የተሠራ መስኮት ጠብቂ ተብላ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችው ዳርኔሊስ ናት። እኛ ኡኒ ኔሊ እንላታለን። ኡኒ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ የማናችንም እህት ሳትሆን የሁላችንም ሆናለች።

መስኮት ስል ቤት ላይ የሚገጠመው እንዳይመስላችሁ። ከሳንቲም ትንሽ ሰፋ የሚል፣ ጥርት ያለ ክብ ነገር ነው፤ ያየው ሁሉ መስታወት ነው ብሎ ይምላል። ኡኒ ኔሊ የምትሠራበት ቤት ከገጠር የሚመጣ የኒላም ዘይት ይመረምራል። ኒላም ቅጠል ነው፤ በእንፋሎት ይቀቀልና ዘይቱ ይወጣል፣ ሽቶ ሠሪዎች ይሻሙበታል። ንጹሕ ነው ወይስ ተበርዟል የሚለውን ማሽን ይፈርዳል። ማሽኑ በዘይቱ ውስጥ የሚሰደው ብርሃን በዓይን አይታይም፤ ከፍም ላይ እንደሚመጣው ሙቀት ዓይነት ነው። መስታወት ፊቱ ካቆሙለት ግድግዳ ሆኖበት ይቀራል፣ ጨው ግን ያሳልፈዋል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ ዘይት በሁለት የጨው መስኮቶች መሃል ትጣበቃለች፣ ማሽኑ ያያታል፣ ብዕሩም ወረቀት ላይ ዳገትና ቁልቁለት ይስላል። ውሃ ያለበት ዘይት ሁለት የታወቁ ቦታዎች ላይ ጎድጎድ ይላል። እንግዲህ ጨውን አስቡት። የወጥ ጨው ራሱ ነው፣ እቶን ውስጥ ቀልጦ አንድ ወጥ ሆኖ የረጋ። ትንፋሽ ቢያገኘው ይደበዝዛል፣ እርጥብ ጣት ቢነካው ይሟሟል።

ለዚህ ሥራ የተመረጠችበት መንገድ ራሱ ጉድ ነው። ያኔ የቤቱ ኃላፊ ዶክተር ዊራትሞ የሚባሉ ጃቫዊ ሽማግሌ ነበሩ። አሥራ አንድ ልጃገረዶች የትምህርት ማስረጃቸውን ታቅፈው ተሰለፉ። ዶክተሩ ወረቀቱን ዞር ብለውም አላዩት። ተራ በተራ ጨበጧቸው፤ አንዷን በጨበጡ ቁጥር መዳፋቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ኔሊን ሲጨብጡ መሐረቡን ሳያነሱ ቀሩና እንደገና ጨበጧት፣ ይዘዋትም ቆዩ። «አንቺ ሰኞ ነይ» አሏት። ልጅቱ ግራ ገብቷት እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ወረቀት ሳያይ እጅ የሚይዝ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው? እናቷም ክው አሉና ወንድማቸውን ማማክ ባሻርን ላኩ። ማማክ የእናት ወንድም ነው፣ እኛ ዘንድ ከአባት ይበልጣል፤ የእህቱ ልጅ ስም የእሱ ስም ነው። ማማክ ባሻር ከመንደራቸው ከኮቶ ላዌ ኔሊን አስከትለው አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተንገላተው መጡና የዶክተሩ ቢሮ ዘው አሉ።

«የእህቴን ልጅ እጅ ለምን ፈለጉት?» አሉ፣ ሳይቀመጡ።

«ደረቅ ስለሆነ።»

«ደረቅ እጅ ምን ያደርግልዎታል?»

«ጨው ይጠብቅልኛል» አሉ ዶክተሩ፣ መስኮቶቹንም አውጥተው አሳዩዋቸው።

ማማክ ባሻር እየሳቁ ወጡ። «ኔሊዬ፣ ሰውየው ለሚስትነት አልፈለገሽም፣ ተረጋጊ። እጅሽ ዳቦ ይዞልሻል» አሏት፤ ለራሳቸው የተረፈው ገንዘብ የመመለሻ ትኬት ብቻ ሲሆን እሷን እንቁላል የተመታበት ሻይ ጋብዘው ሄዱ።

እውነትም እጇ የሌላ ሰው እጅ አይመስልም ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ጣታቸው ላይ ስስ ጎማ ያጠልቃሉ። እሷ በባዶ እጇ ጠርዙን ይዛ፣ አልኮል የነካው ጨርቅ ላይ ክብ ክብ እያስኬደች ትወለውለዋለች። ስትወለውል አታወራም፣ ትንፋሿን ወደ ጎን ነው የምትለቀው። ኧረ ጣትሽን ሸፍኚ ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ጎማ ላብ ላለበት ሰው ነው።» ኮርታለች፣ ምን ይደረግ! ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ያላት ሀብት እጇ ነበር።

ጣጣው የመጣው ዝናቡ በበረታበት ወር ነው። ዘይቱ ሁሉ ድንገት ውሃ አለበት መባል ጀመረ። ያውም በሥርዓት ቢሆን ምንኛ ደግ ነበር! ጠዋት የገባው ንጹሕ ይሆናል፣ ከምሳ በኋላ የገባው ውሃ አለበት ይባላል። በማግሥቱ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ፊትማዋቲ መስኮቶቹን ባዶአቸውን አስገብታ ትሞክራለች፣ ምንም የለም፣ ንጹሕ። ዘይት ተቀብቶ ሲገባ ጎድጎድ ይላል። ከጃካርታ ባለሙያ መጣ፤ ማሽኑን ፈታ፣ እርጥበት የሚጠጣውን ሰማያዊ ፍሬ ቀየረ፣ ምሳውን በላ፣ ደህና ነው ብሎ ሄደ።

«ዝናቡ ነው» አለ የአሁኑ ኃላፊ ሄንድሪዛል። ለሁሉም ነገር ዝናቡ ነው የሚል ሰው ነው፤ ደመወዝ ሲዘገይም ዝናቡ ነው።

«ጂን ነው» አለ ዘበኛው።

«ኧረ ወዲያ! ገበሬዎቹ ተማክረው እየበረዙ ነው እንጂ» አለች ፊትማዋቲ። «ኡኒ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ኡኒ ኔሊ መስኮቶቹን አንስታ እንደገና መወልወል ጀመረች። ዞሮባታል። ሃያ ስድስት ዓመት ያወቀችው ነገር እንደ ሳሙና ከእጇ እያመለጠ ነው። በዚያ ላይ የገዛ ሰውነቷ ሌላ እንቆቅልሽ ሆኖባታል። ዝም ብላ በተቀመጠችበት ደረቷ ላይ እሳት ይለኮስና ወደ ፊቷ ይወጣል፣ ጀርባዋ በላብ ይርሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይበርዳታል። ወባ ነው ብላ መራራ ቅጠል ጠጣች። ቀን ሁለቴ ሸሚዝ መቀየር ጀመረች። ለማን ትናገር? እንዲህ ያለ ነገር ይወራል እንዴ!

ከሁሉም የከፋው የማማክ ባሻር ነገር ነበር። ሰውየው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዛሬም ኮቶ ላዌ ወንዝ ዳር ኒላማቸውን ይቀቅላሉ። ዘይታቸው አንዴ መጣ፣ ውሃ አለበት ተባለ። አጠለሉት፣ አሞቁት፣ አስቀምጠው አረጉት፣ ላኩት፤ አሁንም ውሃ። ሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ የኒላም ገበሬዎች ማኅበር ሰሌዳ ላይ ስማቸው ይለጠፋል። ስሙ የተለጠፈን ሰው ዘይት የሚገዛ ይቅርና ሰላምታውን ደፍሮ የሚመልስም የለም። መንደሩ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰው መተረብ ከእርሻ በላይ ሥራው ነው። ጃማሪስ የሚባለው ስለታም ምላስ ያለው ጎረቤታቸው ገና ሲገቡ ሲያያቸው ብርጭቆውን ያነሳል።

«ማማክ ባሻር፣ ሻዬ ወፍሮብኛል፣ እስቲ አቅጥኑልኝ። እጅዎ ያውቅበታል አሉ!»

«ውሃውን እኮ አይሸጡትም» ይላል ሌላው። «ምራቂ ነው።»

ሳቁ ጣሪያ ይነካል። ማማክ ባሻር ሻያቸውን ሳይጨርሱ ይወጣሉ።

ሦስተኛውን ዘይት ራሳቸው ይዘው ፓዳንግ መጡ። ኡኒ ኔሊ ቤት ገብተው ጀሪካኗን እግራቸው ሥር አስቀመጡ፣ ያቀረበችላቸውን ሩዝ አልነኩም።

«ኔሊ፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ። ውሃ አለው?»

«ማሽኑ አለው ይላል፣ ማማክ።»

«ማሽኑን ተይው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ይህን ጊዜ ነበር ዝም ማለት። ይህን ጊዜ ነበር አላውቅም፣ ግራ ገብቶኛል ማለት። አላለችም። ሃያ ስድስት ዓመት የወለወለቻቸውን መስኮቶች እንዴት ትጠርጥር? «እኔ በገዛ እጄ ነው ያዘጋጀሁት» አለች። «እጄ ስቶ አያውቅም። ምናልባት ቱቦው የሆነ ቦታ ያፈስስ ይሆናል። ወይ ደግሞ ከሠራተኞችዎ አንዱ...»

«ሠራተኛ የለኝም። እኔ ብቻ ነኝ።»

ማማክ ባሻር ከጀሪካኗ ለምርመራ የሚሆን ትንሽ ቀድተውላት ተነስተው ሄዱ፤ ዘይቱን በነጋታው ኡኒ ኔሊ ከመቼውም የበለጠ ተጠንቅቃ፣ እየጸለየች፣ መስኮቶቹን ደግማ ደጋግማ ወልውላ፣ ራሷ መያዣው ውስጥ ገጠመችው። ስትገጥመው ደረቷ ላይ እሳቱ ተለኮሰ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ጎድጎድ አለ። ሰኞ ነበር። ማክሰኞ ስማቸው ተለጠፈ።

ረቡዕ ዕለት ኡኒ ኔሊ ሥራ ላይ ዓይኗን ማመን አቃታት። የወለወለችውን መስኮት ወደ ብርሃን ብታነሳው ከጠርዙ ገባ ብሎ የጣት አሻራ ጨው ላይ ተበልቶ ቀርቷል። አውራ ጣት ነው። በመስመሮቹ ላይ አንድ ሰያፍ ጭረት ያልፋል። እሳት ጎርሳ ተነሳች።

«ማነው መስኮቴን የነካው?» ብላ ጮኸች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ጮኻ አታውቅም። «ሰው ነው! ጂን አይደለም፣ ዝናብ አይደለም፣ ሰው ነው! ጣቱን አገኘሁት!»

«ኡኒ፣ እኔ ወላሂ አልነካሁም» አለች ፊትማዋቲ።

«ወላሂሽን ለራስሽ። አምጪ ጣትሽን!»

የማኅተም ቀለም መጣ። ፊትማዋቲ ወረቀት ላይ አተመች፣ አልሆነም። ዘበኛው ስሙን እንደሚፈርም ሰው ተንጠራርቶ አተመ፣ አልሆነም። ጽዳቷ እያለቀሰች አተመች፣ አልሆነም። ሄንድሪዛልን ከቢሮው አስወጥታ «አለቃ፣ እርስዎም ያምጡ» አለችው፤ እሱም ግራ ቢገባው አተመ። የማንም ጣት ላይ ጭረት የለም። ኡኒ ኔሊ ወረቀቶቹን ደርድራ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመለከታለች፣ ነገሩ እየባሰ ይዞርባታል። የቤቱ ሰው አልቋል። ከውጪ የገባ የለም። ታዲያ ይህ ጣት ከየት መጣ?

«የእርስዎ ቀርቷል፣ ኡኒ» አለች ፊትማዋቲ፣ ቀለሙን እየጠረገች።

«የኔ?» ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ። የኔ እጅ እኮ...»

«ለወጉ ያህል ነው። እኛን እንደ ሌባ አሳትመውን!»

ለወጉ ያህል አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነችና ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ጭረቱ ወጣ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ኮኮናት ስትፈቀፍቅ የቆረጣት ጠባሳ ነው፤ ካየችው ብዙ ዘመኗ ነው፣ ረስታዋለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ደርቃ ቀረች።

ፊትማዋቲ ልትደግፋት መዳፏን ያዘቻት፤ ወዲያው ለቀቀቻት፣ እንደገናም ያዘቻት።

«ኡኒ፣ እጅዎ ውሃ ነው።»

«ወባ ይዞኝ ነው።»

«ምን ወባ! እናቴም እንዲህ አደረጋት፣ ሲያርጡ የሚመጣ ነው። ይሞቅዎታል፣ ያልብዎታል፣ ደግሞ ይበርድዎታል፣ አይደል?» ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ እኮ ስንቴ ሸሚዝ ሲቀይሩ አይቻለሁ፤ ምን ብዬ ልጠይቅዎ?»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተፈታ፣ ግን ከመቋጠሩ ይልቅ መፈታቱ አመማት። ፊትማዋቲ ባዶ መስኮት የምትሞክረው ጠዋት በማለዳ፣ ኡኒ ኔሊ ቀዝቅዛ የወለወለችውን ነው። እሳቱ ሳይለኮስባት ያዘጋጀችው ዘይት ንጹሕ ይሆናል፤ እሳቱ እያለ ያዘጋጀችው ውሃ አለበት ይባላል። ማሽኑ ልክ ነበር። ያየው ግን ዘይቱን ሳይሆን የእሷን ላብ ነው።

ሄንድሪዛል ኡኒ ኔሊን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። መሳቢያውን ከፈተና በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት ቢጫ መስኮቶች አወጣ። እነዚህ ውሃ የማይፈሩ ናቸው፤ ቢታጠቡም ምንም አይሆኑም። ስድስት ዓመት ሙሉ ውድ ናቸው፣ ይጫራሉ ብሎ ቆልፎባቸው ኖሯል። እንደዚህ ነን እኛ! ለእንግዳ የተገዛ ሳህን እንግዳ ሳይበላበት ቤቱ ይፈርሳል።

«ከዛሬ ጀምሮ በነዚህ እንሠራለን» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ማሽኑ ተጠግኗል እንላለን፣ የወደቁትን ሁሉ በድጋሚ እንመረምራለን። ያልፋሉ። ማንም ምንም ማወቅ የለበትም፣ ኡኒ። ለጡረታ አራት ዓመት ነው የቀረዎት። እኔም...» መሳቢያውን አየና ገፍቶ ዘጋው።

«የማማክ ባሻርስ?»

«የሳቸውም ያልፋል። አለቀ።»

እሺ ብላ ወጣች። ቤቷ ገብታ ስታስበው ግን እሺታዋ ቆጫት። የማማክ ባሻር ዘይት ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው በድንገት ቢያልፍ መንደሩ ምን ይላል? ጃማሪስ ምን ይላል? የእህታቸው ልጅ እዚያ አይደል የምትሠራው! አሳለፈችላቸው ነው የሚለው። ውሃ ቀላቃይ የነበሩት ሰው ውሃ ቀላቃይም በዘመድ ያለፉም ይባላሉ። ስማቸውን የሚያጠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ወጥታ የኔ እጅ ነው ማለት። ምን ብላ? ወንድ በሞላበት፣ ሻይ ቤት፣ አርጫለሁ ብላ? ሞቷን ተመኘች። ያስጠላታል፣ ያሳፍራታል፣ ደግሞም ትፈራለች፤ እጇን ከወሰዱባት ማን ትባላለች?

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። ኮቶ ላዌ ስትደርስ እናቷ ቤት እንኳን አልገባችም፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሴት እዚያ አይገባም፣ ወጉ አይደለም። ማማክ ባሻር ጥግ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል።

«ኡኒ ኔሊ!» አለ ጃማሪስ። «መጡ እንዴ? አጎትዎን ሊመረምሩ ነው?»

«ራሴን ተመርምሬ ነው የመጣሁት» አለች። «ስሙኝ። በማማክ ባሻር ዘይት ውስጥ ውሃ አልነበረም። የመመርመሪያው መስኮት ጨው ነው። እኔ አርጫለሁ። ሰውነቴ ይሞቃል፣ እጄ ያልባል፣ ላቡን ሳላውቀው ጨው ላይ ተውኩት። ማሽኑ ያየው የኔን ላብ ነው። የናንተም የሌሎቻችሁ ወድቆ ከሆነ በኔ ነው። ሰኞ ሁሉም እንደገና ይመረመራል፤ እኔ አልነካውም።»

ጃማሪስ አፉን ከፈተ፣ እሷን አየ፣ ማማክ ባሻርን አየ፣ መልሶ ዘጋው። ተነስቶ ወንበሩን ወደ በሩ ገፋላት። በሕይወቱ ቀልድ ሲውጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማማክ ባሻር ቀና አላሉም። «የመጀመሪያው?» አሉ።

«ንጹሕ ነበር፣ ማማክ።»

«ሁለተኛው?»

«እሱም።»

«በእጄ ያመጣሁትስ?»

«ንጹሕ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ሰኞ ያምጡትና በሰው ሁሉ ፊት ይታያል፣ ስምዎም ከሰሌዳው ይነሳል።»

«የማመጣው የለም» አሉ። «ሐሙስ ወንዝ ደፋሁት። የአራት ወሩን ሁሉ። አሳዎቹ ሞተው ተንሳፈፉ።»

ኡኒ ኔሊ የበሩን እንጨት ያዘች። «ለምን ማማክ? ምንም እንዳልቀላቀሉበት እርስዎ ያውቁ አልነበር?»

«አውቅ ነበር።» አሁን ቀና ብለው አዩዋት፤ ቁጣ የለባቸውም፣ የጠፋበት ሰው ዓይን ነው ያላቸው። «ሌሊት እየተነሳሁ በፋኖስ አየው ነበር፣ አሸተው ነበር፣ እቀምሰው ነበር። ውሃ የለውም። ግን ኔሊ አለው ብላለች። ኔሊ ትዋሸኛለች? ታዲያ የሳትኩት እኔ ነኛ፣ አርጅቼ የማደርገውን የማላውቅ ሆኛለሁ ብዬ ለማንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። አሁን ነው ደህና መሆኔን ያወቅኩት።»

እንዲህ ካሉ በኋላ የሻያቸውን ብርጭቆ አነሱና እስከ መጨረሻው ጠጡት። ኡኒ ኔሊ የቀረበላት ወንበር ላይ አልተቀመጠችም፤ እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ ወንድ ሁሉ እያያት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።